ኢብኑል ሐይሠም እና ከቆመው መኪና ጀርባ ያለው እግረኛ



በዚህ ዕትም ሕይወታቸውን የምንተርክላችሁ ሊቅ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ ሥራቸውን ግን ቀርበን ያየነው ጥቂቶች ነን። እሳቸውም አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐይሠም (ረሒመሁላህ) ናቸው። አውሮፓውያን አልሃዘን እያሉ ይጠሯቸዋል። ታሪካቸውን የመረጥነው የቀደሙትን ክብር እየቆጠርን ልንኮራበት ብቻ አይደለም። ዛሬ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች መሐንዲሶች የሚደክሙበትን፣ በእኛም መንገዶች ላይ የሰው ነፍስ የሚቀጥፈውን አንድ ችግር ለመረዳት የእሳቸው ሥራ ቀጥተኛ በር ስለሚከፍትልን ነው።

ችግሩ ይህ ነው። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት ሾኔን ሰንጥቆ ያልፋል። ከመካከላችን የባደዋቾ ልጆች የሆንን፣ ወይም ወደ ሶዶና አርባ ምንጭ የተጓዝን ሁሉ መንገዱን እናውቀዋለን። አባዱላ ሰው ለመጫን ዳር ይይዛል፤ ከፊቱ አይሱዙ ቆሞ ዕቃ ያራግፋል፤ ባጃጆች በመሐል ይሾልካሉ። ከሩቅ የመጣው መኪና ከተማ መግባቱን ሳያስተውል በፍጥነቱ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ደብተር የያዘ ልጅ ከቆመው አይሱዙ ፊት ብቅ ይላል። ልጁ መኪናውን አላየም፤ ሾፌሩም ልጁን አላየም። የሁለቱም ዓይን ጤነኛ ነው። በመሐላቸው ግን የብረት ግድግዳ አለ።

እንዲህ ያለው ነገር የሾኔ ብቻ አይደለም። በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በአዲስ አበባም፣ በሌላውም ዓለም ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከአምስቱ ከአንድ የሚበልጡት እግረኞች ናቸው። ታዲያ ዓይን ከቆመ መኪና ጀርባ ያለውን ለምን ማየት ተሳነው? ዓይን ያልቻለውንስ ሌላ መሣሪያ ይችለው ይሆን? የመጀመሪያውን ጥያቄ በሙከራ የመለሱት ኢብኑል ሐይሠም ናቸው። ሁለተኛውን የሚመልሱት የዘመናችን መሐንዲሶች ደግሞ እሳቸው ባስተካከሉት ጂኦሜትሪ ላይ ቆመዋል።

ከበስራ እስከ ካይሮ

ኢብኑል ሐይሠም የተወለዱት በ354 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ) በኢራቅ፣ በበስራ ከተማ ነው። ጊዜው የግሪኮች መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ተተርጉመው በሊቃውንት እጅ የገቡበት ዘመን ነበር። ዩክሊድ በጂኦሜትሪ፣ ቶለሚ በከዋክብት ጥናት፣ ገሊኖስ በሕክምና፣ አሪስጣጣሊስ በፍልስፍና በሰፊው ይነበቡ ነበር። ወጣቱ አል-ሐሰን እነዚህን ሁሉ አነበቡ። ያነበቡትን ግን እንዳለ አልተቀበሉም። ጸሐፊው ታላቅ ስለሆነ ብቻ ጽሑፉ እውነት አይሆንም የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚያነበውን መጽሐፍ ከየአቅጣጫው መመርመር፣ በዚያው ልክም የራሱን ግንዛቤ መጠርጠር እንዳለበት ያስተምሩ ነበር። ኋላም ይህንኑ አካሄድ ይዘው በቶለሚ ሥራዎች ውስጥ ያገኟቸውን ግጭቶች የሚዘረዝር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል።

ስማቸው ግብፅ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ካይሮን ያስተዳድር የነበረው የፋጢሚዮች ገዥ አል-ሓኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ996 እስከ 1021 ገዝቷል። የታሪክ ጸሐፊው አል-ቂፍጢ እንደተረከው፣ ኢብኑል ሐይሠም የዓባይን ውሃ መሙላትና መጉደል በሥራ ማስተካከል እንደሚቻል መናገራቸውን አል-ሓኪም ሰማ፤ ወደ ግብፅም አስጠራቸው። በክብር ተቀበላቸውና ባለሙያዎችን አስከትሎ ወደ ደቡብ ላካቸው።

የወንዙ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚፈሰው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ነው። ኢብኑል ሐይሠም በአስዋን አቅራቢያ ቆመው ያዩት ጎርፍ በእኛ ተራሮች ላይ የዘነበ የክረምት ዝናብ ነበር።

በጉዟቸው ላይ የጥንት ግብፃውያንን ሕንጻዎች ተመለከቱ። የሥራውን ልክ፣ የጂኦሜትሪውን ጥራት አዩ። እንዲህ አድርገው የገነቡ ሰዎች ወንዙን መግራት ቢቻላቸው ኖሮ ከእሳቸው በፊት ባደረጉት ነበር ብለው አሰቡ። ቦታውንም ሲመረምሩ ያሰቡት እንደማይሆን ተረዱ። ተመልሰው ለገዥው እውነቱን ተናገሩ። በዚያ አካባቢ ትልቁ የአስዋን ግድብ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያ ሥራ የጠየቀውን ማሽንና ሲሚንቶ ለሚያስብ፣ ኢብኑል ሐይሠም በዘመናቸው አቅም አይቻልም ማለታቸው ትክክል ነበር።

አል-ሓኪም ግን ጠባዩ የሚለዋወጥ፣ ቁጣው የሚያስፈራ ገዥ ነበር። በመንግሥት ሥራ ሾማቸው። እሳቸው ግን ሹመቱ ለነፍሳቸው እንደሚያሰጋቸው ተረዱ። አል-ቂፍጢ እንደሚለው፣ ለማምለጥ ያገኙት መንገድ እብድ መምሰል ነበር። ንብረታቸው በጠባቂ እጅ ሆነ፤ እሳቸውም በቤታቸው ተወስነው ተቀመጡ። አል-ሓኪም እ.ኤ.አ. በ1021 ከዚህ ዓለም ሲለይ አእምሯቸው ጤነኛ እንደነበረ ገለጹና ከቤት ወጡ። ከዚያ በኋላ በአል-አዝሀር መስጂድ በር አጠገብ ኖሩ። የዩክሊድንና የቶለሚን መጻሕፍት በእጃቸው እየገለበጡ በመሸጥ የዓመት ቀለባቸውን ይሸፍኑ ነበር። የቀረውን ጊዜ ለምርምር ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ በካይሮ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በሕይወት ታሪካቸው ላይ የተመዘገቡት ድርሳኖች ከ90 በላይ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ስለ ጨረቃ ብርሃን፣ በመስታወት እሳት ስለ ማቀጣጠል፣ የቂብላን አቅጣጫ በስሌት ስለ ማግኘት የጻፏቸው ይገኛሉ። ከሁሉ የገነነው ግን በሰባት ክፍል የተዘጋጀው ኪታቡል መናዚር ነው።

ዓይን የሚልከው ነገር የለም

ከኢብኑል ሐይሠም በፊት ሰው እንዴት ያያል በሚለው ጥያቄ ላይ ሊቃውንት በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። ዩክሊድና ቶለሚ ከዓይን ጨረር ወጥቶ የሚታየውን ነገር ይነካል ይሉ ነበር። ከሙስሊም ፈላስፎችም አል-ኪንዲ ይህንኑ ሐሳብ ደግፈዋል። በሌላው ወገን የአሪስጣጣሊስ ተከታዮች የሚታየው ነገር መልክ ወደ ዓይን ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጂኦሜትሪ ነበራቸው፤ ሁለተኛዎቹ ግን መልኩ ወደ ዓይን የሚመጣበትን መንገድ በመስመር ማሳየት አልቻሉም።

ኢብኑል ሐይሠም ከተራ ነገር ተነሡ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑን ያመዋል። ብሩህ ነገር አይቶ ፊቱን ወደ ጨለማ ሲያዞር የዚያ ነገር ምስል ለጥቂት ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ይቆያል። እንግዲያው ብርሃን ከውጭ ገብቶ ዓይን ላይ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥለውም አንድ ጠንካራ ክርክር አነሡ። ከዓይን የሚወጣ ነገር አለ ብንል እንኳ፣ ያ ነገር ያገኘውን ይዞ ካልተመለሰ ዓይን ምንም አያውቅም። የሚመለስ ነገር ካለ ደግሞ ማየትን የሚያመጣው የሚመለሰው ነው፤ ለሰው ዓይን የሚወጣው ጨረር ትርፍ ይሆናል።

ይህን ክርክር ልብ በሉልን፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ከክርክር አልፈው ወደ ሙከራ ገቡ። በአንዲት ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በተለያየ ቦታ ብዙ መብራቶች አስቀመጡ። ቀዳዳዋ ወደ ጨለማ ክፍል ትከፈታለች። ግድግዳው ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርዱት በቀዳዳዋ በኩል ከእሱ ትይዩ የነበረችው ነጠብጣብ ብቻ ጠፋች። ሲገልጡት ተመለሰች። ብርሃኖቹ በአንዲት ቀዳዳ እያለፉ እንኳ አልተደበላለቁም፤ እያንዳንዱ በራሱ ቀጥተኛ መስመር ሄደ።

ይህንኑ ሥርዓት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት ዓይተውታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በተጋረደችበት ዕለት ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው መሬት ላይ የተዘረጉ ብዙ ትናንሽ ማጭዶች የሚመስሉ ብርሃኖችን ማየት ይችል ነበር። በቅጠሎቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች እንደ ኢብኑል ሐይሠም ቀዳዳ ሆነው የተጋረደችውን ፀሐይ ቅርጽ መሬት ላይ ያሳርፉ ነበር። እሳቸውም የግርዶሽን ቅርጽ በቀዳዳ ስለ ማየት አንድ ድርሳን ጽፈዋል።

እንግዲህ የሾኔው ሾፌር ልጁን ያላየበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ዓይን ተቀባይ እንጂ ላኪ አይደለም። ብርሃን ደግሞ በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ በቀጥታ ይሄዳል። ከልጁ ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ የሚሄደው ቀጥተኛ መስመር አይሱዙው ላይ ያበቃል። ሾፌሩ የፈለገውን ያህል ቢተጋ ያልደረሰውን ብርሃን ሊያይ አይችልም።

የተመለሰው ጨረር

አሁን ወደዚያ ክርክር እንመለስ። ለሰው ዓይን ውድቅ የሆነው ሐሳብ ለማሽን ግን ትክክለኛው አሠራር ነው። ራዳር የሚሠራው ልክ ዩክሊድ ዓይን ይሠራል ብሎ እንዳሰበው ነው። ሞገድ ይልካል፤ የነካውን ነገር መልስ ይጠብቃል። ኢብኑል ሐይሠም እንዳሉትም ዕውቀቱ የሚገኘው ከሚመለሰው ነው።

ከእሳቸው መጽሐፍ እስከ ራዳር ያለው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1888 ተሠራ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ በቤተ ሙከራ ያመነጨው የማይታይ የሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ እንደሚሄድ፣ ከብረት ላይ እንደሚንጸባረቅና አቅጣጫውን እንደሚለውጥ አሳየ። ስለዚህ በኪታቡል መናዚር የተጻፈው የመንጸባረቅ ሕግ ለሬዲዮ ሞገድም ይሠራል ማለት ነው።

ሕጉን ኢብኑል ሐይሠም በሁለት መንገድ አስረድተውታል። አንደኛው ምሳሌ ነው፤ ትንሽ የብረት ኳስ ግድግዳ ላይ ሲወረወር እንዴት ነጥሮ እንደሚመለስ አስቡ ይሉናል። የኳሱን እንቅስቃሴ ወደ ግድግዳው የሚገፋና ከግድግዳው ጎን ለጎን የሚሄድ ብለው በሁለት ከፈሉት። የመጀመሪያው ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ይቀጥላል። ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ጠፍጣፋ፣ እብጥና ስርጉድ መስታወቶችን፣ የሲሊንደርና የኮን ቅርጽ ያላቸውንም ጨምሮ ሰባት ዓይነት መስታወት የሚገባበት መለኪያ ሠሩ። ብርሃን የሚገባበትና የሚወጣበት አንግል እኩል መሆኑን፣ ሁለቱም ጨረሮች ከመስታወቱ ቀጤ ነክ መስመር ጋር በአንድ ጠለል ላይ እንደሚያርፉ በእያንዳንዱ ላይ አረጋገጡ።

የዛሬዎቹ የመኪና ራዳሮች አብዛኛዎቹ በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ። የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ቀለም የተቀባ የብሎኬት ግድግዳ ለዓይናችን መስታወት አይደለም፤ ጥቃቅን ሻካራነቱ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ለ4 ሚሊ ሜትር ሞገድ ግን ያ ሻካራነት ከቁጥር አይገባም፤ ግድግዳው ለስላሳ ነው። ስለዚህ ለራዳር የሱቁ ግድግዳም፣ የቆመው መኪና በርም መስታወት መሆን ይችላሉ።

ከጥግ ወዲያ የማየት ጥበብ ከዚህ ይጀምራል። ከመኪናው የወጣው ሞገድ ማዶ ያለውን ግድግዳ መትቶ ወደ ተደበቀው እግረኛ ይነጥራል፤ ከእግረኛው ተመልሶ ግድግዳውን ይመታል፤ ከዚያም ወደ መኪናው ይመለሳል። ማሽኑ የሚያውቀው ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫና የቆየበትን ጊዜ ብቻ ስለሆነ እግረኛው ከግድግዳው ወዲያ የቆመ ይመስለዋል። ፊታችንን በመስታወት ስናይ ምስላችን ከመስታወቱ ጀርባ እንደሚታየው ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን መልስ የሌለ ጥላ ነው ብለው ይሰርዙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የመርሴዲስ ቤንዝ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ያንን ጥላ ከመሰረዝ ይልቅ ተጠቀመበት። የግድግዳውን ቦታ በሌዘር መለኪያ ለየ፤ ምስሉን በግድግዳው መስመር አጥፎ ወደ እውነተኛ ቦታው መለሰው። በዚህም ከዕይታ የተከለሉ እግረኞችንና ብስክሌተኞችን በእውነተኛ መንገድ ላይ ማግኘትና መከተል እንደሚቻል አሳየ።

ግድግዳ በሌለበትም ሌላ መንገድ አለ። ሞገዱ በአስፋልቱና በመኪና ሆድ መካከል እየነጠረ ሥር ለሥር ማለፍ ይችላል። ከፊት የሚሄደውን መኪና አልፎ የሚቀድመውን ሌላ መኪና የሚከታተሉ ራዳሮች ይህንኑ ክፍተት ይጠቀማሉ።

መኪናው ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። ሞገዱ በትክክል የነጠረው ከየትኛዋ ነጥብ ነው? ይህ በሒሳብ ታሪክ የአልሃዘን ጥያቄ የሚባለው ነው። ሁለት ነጥቦችና አንድ ክብ መስታወት ተሰጥተው፣ ከአንዱ ነጥብ የተነሣ ብርሃን ወደ ሌላው የሚነጥርበትን ቦታ ማግኘት ነው። ኢብኑል ሐይሠም በኪታቡል መናዚር አምስተኛ ክፍል ክብንና ሃይፐርቦላን በማገናኘት ፈቱት። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ክርስቲያን ሃይገንስ እንደገና ሠራበት። በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊፈታ እንደማይችል የተረጋገጠው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጥያቄው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በሚተከለው እብጥ መስታወት ውስጥ ዛሬም አለ።

ጊዜና እንቅስቃሴ

ኢብኑል ሐይሠም ብርሃን ከቦታ ወደ ቦታ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ግን እጅግ አጭር ስለሆነ አይታወቀንም ብለው ያምኑ ነበር። ራዳር የቆመው በዚህች አጭር ጊዜ ላይ ነው። ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። 15 ሜትር የራቀን ነገር ነክቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ 100 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ነው።

ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳሳየው፣ ወደኛ ከሚመጣ ነገር የሚደርሰን ሞገድ ድግግሞሹ ይጨምራል። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ የ77 ጊጋኸርዝ ራዳርን ድግግሞሽ በ700 ኸርዝ ገደማ ይለውጠዋል። እጁና እግሩ ወዲያና ወዲህ ሲወናጨፉ ደግሞ በዚያ ላይ ሌሎች ትናንሽ ለውጦች ይጨመራሉ። ማሽኑ ሰውን ከስልክ እንጨት የሚለየው በዚህ ነው። በቆመ ነገር በተሞላ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰው ተለይቶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚያተርፈው ነገር በሜትር ይለካል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ በደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ቢይዝለት እንኳ ለመቆም በድምሩ 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። ልጁ ብቅ ያለው 20 ሜትር ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ይመታዋል፤ ሁለተኛው ይቆምለታል። ራዳሩ ልጁን ከመታየቱ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ቢያገኘው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 7 ሜትር ያተርፋል። ሰባት ሜትር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው።

መሣሪያው ግን ድንበር አለው። የሰው ገላ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ለራዳር የሚመልሰው ሞገድ ትንሽ ነው። ሞገዱ በነጠረ ቁጥር ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የዶፕለር ለውጥ ስለማይሰጥ ከአካባቢው ይደባለቃል። የሌለውን እግረኛ አለ ብሎ በድንገት ፍሬን የሚይዝ መኪናም ከኋላው ለሚመጣው አደጋ ነው።

የኛ ግድግዳዎች

የሊቁን ሕይወት ስንጽፍ ከሁሉ በላይ የነካን ዓይን ለምን እንደሚሳሳት የጻፉበት የመጽሐፋቸው ሦስተኛ ክፍል ነው። በትክክል ለማየት ዓይን ጤነኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም ይላሉ። ርቀቱ፣ አቅጣጫው፣ የብርሃኑ መጠን፣ የነገሩ ትልቅነት፣ የአየሩ ጥራት፣ ለማየት ያለው ጊዜ፣ እነዚህ ሁሉ በልካቸው መሆን አለባቸው። አንዱ ከልኩ ሲወጣ ዓይን ይስታል። ማየት ራሱም ብርሃን መቀበል ብቻ አይደለም፤ አእምሮ ሳይታወቀው በፍጥነት የሚፈርደው ፍርድ አለበት።

ይህን በሾኔ ምሽት ላይ አድርጉት። መግሪብ ሲቃረብ ብርሃኑ አንሷል፤ አየሩ አቧራ ይዟል፤ ልጁ ትንሽ ነው፤ መኪናው ስለሚፈጥን የማያ ጊዜ የለም። ከስድስቱ አራቱ ተጓድለዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት አይቼ እነዳለሁ የሚል ሾፌር የሌለውን ዓይን እየተማመነ ነው። የማያየውን ቦታ ባዶ ነው ብሎ መገመት የለበትም። በሚያየው ርቀት ውስጥ መቆም በሚችልበት ፍጥነት መሄድ አለበት። ከቆመ መኪና ጀርባ ሰው አለ ብሎ ማሰብ የሾፌሩ ራዳር ነው። እኛም እግረኞች ከቆመ መኪና ፊት ብቅ ስንል ሾፌሩ እኛን ሊያይ የሚችልበት መስመር መኖሩን ቆም ብለን ማየት አለብን፤ እኛ ካላየነው እሱም አላየንም። ጎዳናን ከሚጎዳ ነገር ማጽዳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ድንጋይ ማንሳት ከሆነ፣ ፍጥነት መቀነስም ነው።

ለፊዚክስ፣ ለኤሌክትሪካል ምህንድስናና ለሒሳብ ተማሪዎች ደግሞ የተለየ የቤት ሥራ አለን። ከጥግ ወዲያ የሚያዩ ራዳሮች የተሞከሩት ለስላሳ ግድግዳ ባለባቸው ከተሞች ነው። የእኛ መንገድ ዳር ግን ሌላ ነው። የቆርቆሮ አጥር ብረት ስለሆነ በደንብ ይመልሳል፤ ሽንሽኑ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር ሞገድ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሞገዱን ወደ ብዙ አቅጣጫ ይከፋፍለዋል። በጭድ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ሻካራነቱ ለሞገዱ የሚታይ ነው። የባሕር ዛፍ አጥርና የእንሰት ቅጠል ንፋስ ሲነካቸው ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። በባጃጅና በጋሪ መካከል የሚራመድ ሰው መልስም በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ብቻውን ከሚሄድ ሰው መልስ ይለያል። ስለዚህ በሌላ አገር መንገድ የተማረ ማሽን ነገ ሾኔ ሲደርስ እንዳለ ሊታመን አይገባም። ኢብኑል ሐይሠም ለሰባት ዓይነት መስታወት መለኪያ ሠርተው እያንዳንዱን እንደፈተሹ፣ የኛንም ግድግዳዎች አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል።

ዕውቀት እንዲህ ነው የሚተላለፈው። ኪታቡል መናዚር በላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ፤ ኬፕለርም በብርሃን ጥናቱ ከእሱ በተቀዳው ትምህርት ላይ ተነሣ። በሙስሊሙ ዓለምም ከማልዲን አል-ፋሪሲ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተው መጽሐፉን አነሡ፤ በውሃ የተሞላ የመስታወት ሉል ይዘው የቀስተ ደመናን ምስጢር በሙከራ አስረዱ። የመጡት ሁሉ መጽሐፉን አክብረው መደርደሪያ ላይ አልተውትም፤ ጠየቁት፤ አረሙት፤ ጨመሩበት። እሳቸው ራሳቸው የቀደሙትን ያከበሩት እንዲሁ ነበርና።

አላህ ለኢብኑል ሐይሠም ይዘንላቸው፤ መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን፤ ጠቃሚ ዕውቀት ከሚማሩትና ከሚሠሩበት ያድርገን። ኣሚን።